ሸረሪት አዳኟን ተርብ በመልኳ ሳይሆን በትውልዷ ስለ ማወቅ

አገር ለማስተዳደርና እርሻ ለማስፋፋት ኀላፊነት ለተቀበላችሁ ሹማምንት፣ እንዲሁም ሰፊ መሬት ይዛችሁ ለምታሳርሱ ባለ እርሻዎች ሁሉ።

ስለ ዘርና ስለ ዝናም፣ ስለ ከብት በሽታና ስለ እህል ጐተራ መጻፍ በተለመደበት በዚህ ገጽ ላይ ስለ አንዲት ተርብ የትውልድ ቈጠራ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ሥራ የፈታ ሰው ወግ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ በየወረዳው ስለ ተባይ የሚወጣው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በመድኃኒቱ ወይም በቅጣቱ ሳይሆን በሥሩ፣ ይኸውም በስሙ ላይ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከዚያው ከሥሩ አንሥቶ መናገር ግድ ሆነብኝ። ዐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፤ ማንም ሹም የሚያስጠፋውን ተባይ በዝርያው ለይቶ ሳያውቅ «ይጥፋ» ብሎ ማዘዝ አይገባውም፤ ዝርያንም ለመለየት መልክ ብቻውን አይበቃምና ትውልድን መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ነገር ምስክር አድርጌ የማቀርበው ሸረሪት አዳኟን ተርብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ስሙን መጥራት በማያስፈልግ በአንድ ወረዳ ተርብ አንድ ሕፃን ክፉኛ ስለ ነደፈች፣ «በአካባቢው ያለው ተርብ ሁሉ በእሳት ይጥፋ» የሚል ቃል ወጣ። ሕዝቡም ትእዛዝ አክባሪ ነውና ችቦ አብርቶ ከቤት ክዳን ሥር የተንጠለጠለውን የተርብ ቤት ብቻ ሳይሆን፣ ከወንዝ ዳር ያለውን ቀዳዳ የበዛበትን የአፈር ገደል ሁሉ ጭራሮና ደረቅ ሣር እየወተፈ አነደደው። በማግሥቱ በዚያ ሳልፍ ከዐመዱ ሥር ያገኘኋቸውን ለቅሜ ብመለከት፣ ጥቂቶቹ ሸረሪት የሚያድኑ ተርቦች፣ የሚበዙት ግን እያንዳንዳቸው ብቻቸውን በመሬት ጕድጓድ የሚኖሩ፣ የባቄላውንና የኑጉን አበባ እየዞሩ የሚያዳቅሉ የዱር ንቦች ነበሩ። እሳቱም ወደ ቍጥቋጦው ተሻግሮ ከዛፍ ላይ የተሰቀሉ ሦስት ቀፎዎችን በላ። ሕፃኑን የነደፈችው ግን በማኅበር የምትኖረው፣ ከቤት ክዳን ሥር እንደ ወረቀት ያለ ቤት የምትሠራው ተርብ ነበረች፤ በገደሉ ውስጥ ከተቃጠሉት አንዲቱ እንኳ የርሷ ወገን አልነበረችም። እንግዲህ በዚያ ወረዳ የተፈጸመው ጥፋት ከክፋት የመጣ አይደለም። አንድ ስም ለብዙ ወገን በመሰጠቱ የመጣ ነው።

በአማርኛችን «ተርብ» የምንለው ቃል እጅግ ሰፊ ነው። በዚህ አንድ ቃል የምንጠራቸው ነፍሳት አኗኗራቸው፣ ምግባቸውና የትውልድ ሐረጋቸው የተለያየ ነው። ከእነርሱ መካከል ሸረሪት አዳኟ ተርብ ምን ዐይነት ናት ቢሉ፣ ሰውነቷ ቀጠን ያለ፣ እግሮቿ በተለይም የኋለኞቹ ረዣዥም፣ መልኳ በብዛት ጥቍር ወይም እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ የአንዳንዷም ክንፍ እንደ ፍም የቀላ፣ በባዶ መሬት ላይ ክንፏን እያርገበገበች ወዲያና ወዲህ የምትሮጥ፣ ጥቂት በርራ ደግሞ የምታርፍ ናት። በማኅበር አትኖርም፤ ንግሥትም ሠራዊትም የላትም። ለልጇ የምታዘጋጀው ስንቅ ሸረሪት ብቻ ነው።

ሸረሪት ባገኘች ጊዜ ታግላ ከሥር በኩል የነርቭ ቋጠሮዋ ካለበት ስፍራ ትወጋታለች። መርዙ ሸረሪቲቱን ያሽመደምዳታል እንጂ ወዲያው አይገድላትም፤ ብትሞት ትበሰብሳለችና ለልጅ ስንቅ አትሆንም። ከዚያ በኋላ ተርቢቱ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላዋ እየሄደች፣ ከራሷ የሚከብደውን ሸክም እየጐተተች ወደ ጕድጓድ ታደርሳታለች፤ በላይዋም አንዲት እንቍላል ጥላ ደጁን በአፈር ትደፍናለች። ከእንቍላሉ የሚወጣው ትል ሸረሪቲቱን ከነሕይወቷ ቀስ በቀስ ይመገባታል፤ የሚያስደንቀውም ነገር ሕይወቷ የተመሠረተበትን ብልት ለመጨረሻ ማቆየቱ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ሸረሪት፤ ይህ ሥርዐት በዚህ ቤተ ሰብ ዘንድ ጸንቶ የሚኖር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ የተመሰለላት ሸረሪት ከዚህች ተርብ ፊት ግን ድሯም ፍጥነቷም ብዙ ጊዜ አያድናትም።

በሰው ላይ የምታደርሰው ጕዳት ምንድር ነው ለሚለኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። መውጊያዋ በጥንት የእንቍላል መጣያ የነበረ ብልት ተለውጦ የተገኘ ስለ ሆነ የምትወጋው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ወንዱ መውጊያ የለውም። የትልልቆቹ ንድፊያ እጅግ የሚያም ነው፤ ይሁን እንጂ በእጅ ካልያዟት ወይም በባዶ እግር ካልረገጧት በቀር ሰውን ተከትላ አትነድፍም፤ እንደ ማኅበረተኞቹ ተርቦች ቤቷን ለመጠበቅ በጭፍራ አትነሣም። ጕልማሳዋ ምግቧ የአበባ ወለላ ነው። በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ምርምር ሄሚፔፕሲስ የሚባሉት ትልልቅ ሸረሪት አዳኞች ብቻ የሚያዳቅሏቸው የሜዳ ዕፀዋት መኖራቸው ተረጋግጧል፤ እነዚህ ተርቦች ቢጠፉ እነዚያ ዕፀዋት ፍሬ ማፍራት ያቅታቸዋል ማለት ነው።

በዚህ ስፍራ ግን ነገሩን ሚዛኑን ጠብቄ መናገር አለብኝ። ሸረሪት ራሷ የአዝመራ ተባይ የምትበላ፣ ለገበሬ የምትጠቅም ፍጥረት ናት። ስለዚህ ሸረሪት አዳኟን ተርብ «የገበሬ ወዳጅ» ብዬ ባሞግሳት እውነቱን አጋነንሁ ማለት ነው። እኔ የምለው አታሞግሷት፣ ነገር ግን ሳታውቋትም አትፍረዱባት ነው። ዳኛ ተከሳሹን በስሙና በአባቱ ስም ሳይጠራ እንደማይፈርድ፣ ሹምም በነፍሳት ላይ ሲፈርድ ስምና አባት መጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ የዚህች ተርብ ስምና አባት እንዴት እንደ ታወቀ በአጭሩ ልግለጥ። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 ፍጥረታትን በሁለት በሁለት ስም በመዘገበ ጊዜ፣ ሸረሪት አዳኞቹንና ሌሎች መሬት ቈፋሪ ተርቦችን «ስፌክስ» በሚል በአንድ ስም ሥር አኖራቸው። በ1798 የዴንማርኩ ሊቅ ዮሐን ክርስቲያን ፋብሪሲየስ «ፖምፒሉስ» የሚል ስም አውጥቶ ለየላቸው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ፈረንሳዊው ፒየር አንድሬ ላትሬይ ራሱን የቻለ ቤተ ሰብ መሆናቸውን ወሰነ። ዛሬ የዚህ ቤተ ሰብ ስም ፖምፒሊዴ ይባላል፤ በዓለም ሁሉ ወደ 5,000 የሚሆኑ ዝርያዎች ተመዝግበውለታል። ለመለያ ከሚያገለግሉት ምልክቶች አንዱ በደረቷ ጐን ላይ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ጐኑን ለሁለት የሚከፍል ስርጕድ መስመር ነው፤ ሌላው የኋለኛው እግሯ ርዝመት ነው። እነዚህ ምልክቶች በዐይን ሊያዩአቸው የሚቻሉ ስለ ሆኑ ትንሽ የእጅ መነጽር ያለው ማንኛውም የእርሻ ሠራተኛ ሊማራቸው ይችላል።

በ2015 በዘረ መል ምርመራ ተመርኵዞ በታተመ ጥናት ይህ ቤተ ሰብ በአምስት ንኡሳን ቤተ ሰቦች ተከፍሏል። ፖምፒሊኔ የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ በመሬት ውስጥ የሚቈፍሩ ናቸው። ፔፕሲኔ የሚባሉት ከትልልቆቹ አዳኞች ጀምሮ በጭቃ ትንንሽ እንስራ የሚመስል ቤት እስከሚሠሩት ድረስ ይይዛሉ፤ ከነዚህ ጭቃ ሠሪዎች አንዳንዶቹ ሸረሪቲቱን ለመሸከም እንዲቀላቸው እግሮቿን ቈርጠው ይጥላሉ። ክቴኖሴሪኔ የሚባሉት በአፍሪካ፣ በአውስትራልያና በደቡብ አሜሪካ የሚገኙ ናቸው። ኖቶሲፊኔ የሚባሉት የአሜሪካ አህጉር ወገኖች ሸረሪቲቱን ጕድጓድ አያስገቧትም፤ እንቍላላቸውን ከላይዋ ጥለው ይለቋታል፤ እርሷም የሚበላትን ትል በጀርባዋ ተሸክማ ትዞራለች። ሴሮፓሊኔ የሚባሉት ደግሞ ሌቦች ናቸው፤ ሌላዋ ተርብ ደክማ ያደነቻትን ሸረሪት እየጐተተች ሳለ ቀርበው እንቍላላቸውን ከሸረሪቲቱ የመተንፈሻ ቀዳዳ ውስጥ ይሸሽጋሉ፤ በኋላም የነርሱ ልጅ የባለቤቲቱን እንቍላል አጥፍቶ ስንቁን ይወርሳል። እንግዲህ ከአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ሠራተኛውም፣ ግንበኛውም፣ ሌባውም መገኘቱን ልብ በሉ። «ሸረሪት አዳኝ» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ጠባይ ይሸፍናል ማለት ነው።

ይህ አከፋፈል እስኪገኝ ድረስ ሊቃውንቱ ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል። የስሕተታቸውም ምክንያት መልክ ነው። በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ ወንዱና ሴቲቱ በመጠንም በቀለምም እጅግ ስለሚለያዩ ባልና ሚስት የሆኑት እንደ ሁለት ዝርያ ተቈጥረው ሁለት ስም የወጣላቸው ጊዜ አለ። ደግሞም ዝምድናቸው የራቀ ዝርያዎች አንድ ዐይነት ኑሮ ስለሚኖሩ አንድ ዐይነት ጥቍር ልብስ ለብሰው፣ አንድ ዐይነት ረዥም እግር አብቅለው ስለሚታዩ የቅርብ ዘመድ ይመስላሉ።

ይህንን ነገር የአገራችን ሰው ከማንም ይልቅ በቶሎ ሊረዳው ይገባል። በቀድሞ ዘመን ርስት ለመካፈል የሚመጣ ሰው ከሸንጎው ፊት ቆሞ «ፊቴ የእገሌን ፊት ይመስላል» ቢል ማንም አይሰማውም ነበር። አባትና አያቱን፣ ቅድመ አያቱንም እየቈጠረ ከአቅኚው አባት እስኪደርስ ድረስ ማስረዳት ነበረበት፤ የሚናገረውንም የሚያውቁ ሽማግሎች ይመሰክሩለት ነበር። መልኩ ፈጽሞ የማይመሳሰል ሰው ቈጠራው ከደረሰ ወራሽ ይሆናል፤ መንትያ የሚመስል ሰው ቈጠራው ካልደረሰ ባዳ ሆኖ ይመለሳል። ዛሬ ሊቃውንት በነፍሳት ላይ የሚያደርጉት ምርምር ይኸው የአባት ቈጠራ ነው። ሽማግሌ ምስክር ሆኖ የሚቀርብላቸው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዘረ መል ነው፤ ሁለተኛውም ምስክር በጥንት ዘመን በዛፍ ሙጫ ውስጥ ተይዞ እንደ ድንጋይ የደረቀው አካል ነው። በባልቲክ ባሕር ዳር በሚገኘው በእንዲህ ያለ ሙጫ ውስጥ ሸረሪት አዳኝ ተርቦች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል።

ይህ ቈጠራ ያስገኘው ፍርድ የቀድሞውን መዝገብ ገለባብጦታል። ለረዥም ዘመን ሸረሪት አዳኞቹ፣ ወረቀት ሠሪዎቹ ማኅበረተኛ ተርቦችና ጉንዳኖች በአንድ ታላቅ ወገን ሥር ተጽፈው ይኖሩ ነበር። በ2008 የታተመ የዘረ መል ጥናት ይህ ታላቅ ወገን ከአንድ አባት ብቻ የተገኘ እውነተኛ ነገድ አለመሆኑን አሳየ። ሸረሪት አዳኞቹ ከወረቀት ሠሪዎቹ ተለይተው ሴቶቻቸው ክንፍ ከሌላቸው፣ ሰውነታቸው ጠጕር ከለበሰው፣ ጉንዳን ከሚመስሉት ተርቦች ጋራ የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጉንዳን ከወረቀት ሠሪዋ ተርብ ይልቅ ለንብ የቀረበ ዘመድ መሆኑን አስረዳ፤ በ2017 የወጡ ሰፋ ያሉ ምርመራዎችም ይህንኑ አጸኑት። ንብ ራሷ ሥጋ ለልጇ ታድን ከነበረች መሬት ቈፋሪ ተርብ የተወለደች ናት፤ አደኑን ትታ የአበባ ብናኝ ለቃሚ ሆነች።

ከዚህ ቈጠራ ለንብ አርቢ የሚጠቅም አንድ ታላቅ ትምህርት ይገኛል። በአውሮፓና በአፍሪካ የምትኖር ፊላንቱስ የምትባል ተርብ አለች፤ የማር ንብን እያደነች፣ እያሽመደመደች፣ በአሸዋ ጕድጓድ ለልጇ ታከማቻለች። ይህች የንብ ጠላት በትውልድ ቈጠራ ብትመረመር ከንብ ወገን ናት፤ ለንብ ያላት ዝምድና ሸረሪት አዳኟ ካላት የቀረበ ነው። እንግዲህ ንብ አርቢው በመልኳ ግርማ ፈርቶ የሚገድላት ትልቋ ጥቍር ተርብ ለቀፎው ምንም የማታደርግ ባዳ ስትሆን፣ ቀፎውን የምትጐዳው ትንሿ ለንቡ የሥጋ ዘመድ ናት። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘች አገር ስለ ሆነች ይህን መለየት ለባለሥልጣኖቿ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊሆን አይገባም።

«ይህ ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ይተው፤ እኛ ግብር፣ መንገድ፣ ማዳበሪያና የፍርድ ጕዳይ በዝቶብናል» የሚል ሹም እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ቅሬታው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የወረዳ ሹም ቀኑ አጭር፣ ሥራው ብዙ ነው። ነገር ግን ስም አለማወቅ ምን ያህል እህልና ምን ያህል ዓመት እንደሚያስከፍል በሁለት ምሳሌ ላሳየው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የካሳቫ ነገር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካ ሳይታወቅ የገባ፣ በነጭ ዱቄት የተሸፈነ ትንሽ የካሳቫ ተባይ በኮንጎ ታየ፤ ከዚያም በአፍሪካ የካሳቫ አገሮች ሁሉ እየተዛመተ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ምግብ የሆነውን ተክል አደረቀ። ሊቃውንቱ በትውልድ አገሩ የሚያጠፋውን ጠላት ለመፈለግ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በሰሜናዊው ደቡብ አሜሪካም ያንኑ የሚመስል ተባይ አግኝተው ጠላቶቹን ሰበሰቡ። ዳሩ ግን እነዚያ ጠላቶች የአፍሪካውን ተባይ ሊያጠፉ አልቻሉም። በኋላ በጥንቃቄ ሲመረመር ሁለቱ ዝርያ ለየብቻ መሆኑ ታወቀ፤ የአፍሪካው ሴት ብቻ ሆኖ ያለ ወንድ የሚራባ፣ ያኛው ግን ወንድም ሴትም ያለው ነበር። እውነተኛው ተባይ በ1981 በፓራጓይ ተገኘ፤ ከርሱም ጋራ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ እንቍላሏን በተባዩ ሰውነት ውስጥ የምትጥል ተርብ ተገኘች። በናይጄሪያ ኢባዳን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር አገር እርሻ ተቋም አማካይነት ይህች ተርብ ተራብታ ከ1981 ጀምሮ ተለቀቀች፤ ከ20 በሚበልጡ የአፍሪካ አገሮችም ሥር ሰድዳ ተባዩን አስታገሠችው። ሥራውን የመሩት ሐንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀበሉ። ሁለት ተባዮችን በመልካቸው አንድ አድርጎ መቍጠር የብዙ ሰው ድካም ከንቱ አደረገ፤ ለይቶ መቍጠር ግን አህጉሩን ከረኃብ ታደገ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከራሳችን ማሳ ነው። በ2017 መጤው የአሜሪካ ተምች ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ብዙ ሰው አባቶቻችን የሚያውቁት ተምች መስሎት ነበር። ሁለቱ በእርግጥ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። የአገሬው ተምች በጭፍራ መጥቶ ሣሩንና እህሉን ግጦ ያልፋል፤ መጤው ግን በበቈሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ በየወቅቱም ይመላለሳል። መለያውም በጅራቱ አጠገብ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ አራት ጥቋቍር ነጥቦችና በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጭ ምልክት ነው። ይህን የማያውቅ ሹም «ተምች ነው፣ ያልፋል» ብሎ ሲጠብቅ በቈሎው ያልቃል። በዚያው በ2017 ሊቃውንት ኮቴሲያ ኢሲፔ የሚል ስም የሰጧት አንዲት ጥቃቅን ተርብ በኢትዮጵያ መጤውን ተምች ስታጠቃ ተገኘች፤ እንቍላሏን በትሉ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇም ትሉን በልቶ ይወጣል። ጥናት በተደረገባቸው ስፍራዎች ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በዚህች ተርብ የተያዙ ነበሩ። ደመወዝ ሳትቀበል፣ መድኃኒት ሳትጠይቅ ይህን ያህል የምትሠራውን አገልጋይ «ተርብ ሁሉ ይጥፋ» በሚል አንድ ቃል ማጥፋት እንዴት ያለ ኪሳራ እንደ ሆነ ባለ እርሻ ሁሉ ያስላው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለሥራ የሚመቹ ጥቂት ምክሮች አቀርባለሁ።

1ኛ. በነፍሳት ላይ የሚወጣ ትእዛዝ «ተርብ ሁሉ» ወይም «ትል ሁሉ» የሚል አይሁን። የትኛው ዐይነት፣ በየትኛው ስፍራ፣ በምን ምልክት የሚታወቅ መሆኑ ይጻፍበት። ከቤት ክዳን ሥር ያለ የማኅበረተኛ ተርብ ቤት ሕፃናትን የሚያሠጋ ከሆነ እርሱ ብቻ ለይቶ ይነሣ፤ በማሳ ዳር ያለው ግን ትሎችን እያደነ ለልጆቹ የሚመግብ ስለ ሆነ አይነካ።

2ኛ. ያልታወቀ ተባይ ወይም ነፍሳት በታየ ጊዜ ከመርጨት አስቀድሞ ጥቂቶቹ ተይዘው ጠንካራ አልኮል ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጡ። ቢቻል ወንዱም ሴቲቱም፣ ትሉም ጕልማሳውም ይያዝ። ሸረሪት ስትጐትት የተያዘች ተርብ ከነሸረሪቲቱ ትቀመጥ፤ ያለ ግዳዩዋ የተላከች ተርብ ግማሽ ወሬ ናትና። በጠርሙሱም ውስጥ የተያዘበት ስፍራ፣ የስፍራው ከፍታ፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ፣ በምን ተክል ላይ እንደ ነበረና ምን ሲሠራ እንደ ተገኘ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ይግባ፤ ቀለም በአልኮል ይሟሟልና። ወረቀት የሌለው ጠርሙስ አባቱን እንደማያውቅ ባለጕዳይ ነው፤ ማንም ሊረዳው አይችልም።

3ኛ. በማሳና በወንዝ ዳር ያለ ቀዳዳ የበዛበት የአፈር ገደልና ባዶ መሬት ያለ በቂ ምክንያት አይቃጠል፣ አይደልደል። እነዚህ ስፍራዎች የዱር ንቦችና የአዳኝ ተርቦች ሰፈር ናቸው።

4ኛ. የተባይ መድኃኒት መርጨት ግድ በሆነ ጊዜ ንብና ተርብ ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ይደረግ፤ አዝመራው በአበባ ላይ ሳለ ከመርጨት መታቀብ ይገባል፤ ለንብ አርቢዎችም አስቀድሞ ይነገር።

5ኛ. የአገር ሽማግሎችና እረኞች ለየነፍሳቱ የሚሰጡት ስምና ስለ ጠባያቸው የሚያውቁት ነገር ተጠይቆ ይጻፍ። ሊቁ በመነጽር የሚያየውን እረኛው በልጅነቱ በሜዳ ላይ ተቀምጦ አይቶታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ዕውቀት ይሞላል።

እነዚህ ምክሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ የእጅ መነጽርና ለመፍረድ የማይቸኵል ሹም ይበቃሉ። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ሥልጣን ያለው ሰው «አላውቅም፤ ተመርምሮ ይምጣልኝ» ማለት ክብሩን የሚቀንስበት ይመስለዋል። ነገር ግን ሊኔየስ ያኖረውን ፋብሪሲየስ ለየው፤ የእነርሱንም መዝገብ ከ200 ዓመት በኋላ የመጡት ሊቃውንት አረሙት፤ ማንኛቸውም በዚህ አልተዋረዱም። መዝገቡ እየታረመ መሄዱ የዕውቀት ክብር ነው።

ያ ከወንዝ ዳር የተቃጠለ ገደል ዛሬ እንደ ገና ቀዳዳ ማውጣት ጀምሯል። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ አንዲት ሰማያዊ ጥቍር ተርብ ከራሷ የሚበልጥ ሸረሪት ይዛ ወደ ኋላዋ እየሄደች ሽቅብ ስትጐትት አየኋት። አንድ እረኛ ልጅ በትሩን አንሥቶ ሊመታት ሲል «ተዋት፤ ልጇን ልትመግብ ነው» አልሁት። በትሩን ዝቅ አድርጎ «የማን ወገን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን የእረኛውን ጥያቄ አገር የሚያስተዳድር ሹምና መሬት የሚያሳርስ ባለ እርሻ ሁሉ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ቢጠይቅ፣ ማሳችንም ቀፏችንም ከብዙ ጥፋት በዳነ ነበር።